ምዕራፍ 7፦ መንገዱን የሚችለው የትኛው ነው?

የአቦቦ ማንጎ የሚደርሰው መንገዱ በሚከፋበት ወራት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቅርንጫፎቹ በፍሬ ሲጎብጡ ዝናቡም አብሮ ይገባል። ከአቦቦ ጋምቤላ ከተማ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ከዚያ በጎሬ፣ በመቱና በበደሌ አድርጎ አዲስ አበባ ለመግባት ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ወደ ደጋ ገበያ የሚወጣ ማንጎ ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ላይ፣ በጆንያ ታጭቆ፣ ከቆላው ወበቅ ተነሥቶ የኢሉባቦርን ዳገት ይያያዘዋል። ሲጫን ጤነኛ የመሰለ ፍሬ ሲራገፍ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ፣ አንገቱ ላይ ላልቶ፣ አንዳንዴም ውስጡ ትል ይዞ ይገኛል።

የተበላሸው ደግሞ ብቻውን አይጠፋም። ማንጎ ከዛፍ ከወረደም በኋላ የሚተነፍስ ፍሬ ነው፤ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ጎረቤቱን ያበስላል። የተጎዳና የታመመ ፍሬ ደግሞ ከጤነኛው ቀድሞ፣ አብዝቶም ያወጣዋል። አንድ የተበላሸ ማንጎ በጆንያ ውስጥ ሲቀር ነጋዴው የሚከስረው ያችን አንዷን ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጆንያው ከመሰፋቱ በፊት፣ መንገዱን የሚችለውን ማንጎ ከማይችለው እንዴት እንለያለን? ካሜራና ኮምፒዩተርስ በዚህ ሥራ ላይ ምን ያህል ሊያግዙን ይችላሉ?

መጀመሪያ ግን ማንጎውን እንወቀው። በአቦቦ አጠገብ ያለው የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲገነባ የታሰበው ሰፊ የመስኖ እርሻ ነበር። የሰዉ ማንጎ ግን ከዕቅድም ከመስኖም የመጣ አይደለም። በአኙዋ መንደሮችም ሆነ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከሰሜንና ከደቡብ መጥተው በሰፈሩት ሰዎች ጓሮ ያለው ማንጎ በአብዛኛው ከፍሬው የበቀለ ነው። ችግኝ ከእናት ዛፍ ቅርንጫፍ ተዳቅሎ ሲተከል ልጅ እናቱን ይመስላል፤ ከፍሬ ሲበቅል ግን ዛፍ ከዛፍ ሊለያይ ይችላል። አንዱ ክብ፣ አንዱ ረዘም ያለ፤ አንዱ ሲበስል የሚቀላ፣ አንዱ ቢጫ የሚሆን፣ ሌላው አረንጓዴ እንደሆነ ውስጡ የሚጣፍጥ። በላይኛው አዋሽ እርሻዎች የተተከሉት ቶሚ አትኪንስ፣ ኬንትና ኪት የተባሉት ዝርያዎች እንዲህ አያስቸግሩም፤ የአንዱ መልክ ሲታወቅ የሌላውም ታወቀ ማለት ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ማሽኑ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ማንጎን የሚያበላሹት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው አከፋፈል ግን የት ተደብቀዋል የሚለው ነው። ልጣጩ ላይ በግልጽ የሚታዩ አሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተመዘገበው ነጭ የማንጎ ስኬል ከነዚህ አንዱ ነው። ትንሽዬ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ከቅጠልና ከፍሬ ላይ የሚጣበቅ ተባይ ሲሆን፣ እዚያው ካለው የሎኮ እርሻ ተነሥቶ በምዕራቡ አገር ተዛምቷል። ተባዩ የመጠጠው ልጣጭ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይቀራል። ውስጡ ግን ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው፤ የሚጎዳው መልኩ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ጊዜ የሚጠብቅ ነው። አንትራክኖዝ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ዝናብና እርጥበት ይወዳል። ዘሩ ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ ያርፋል፤ ልጣጩን በጥቂቱ ይወጋና ይተኛል። ማንጎው ተለቅሞ መብሰል ሲጀምር ይነቃል፤ ጥቁር፣ ገባ ገባ ያለ ቁስል ሆኖ ይወጣል። በመጫኛው ዕለት የሚታይ ነገር የለም።

ሦስተኛው ውስጥ ያለው ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ልጣጩን በስታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከውጭ የሚቀረው የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ናት። ከእስያ የመጣው ዝርያዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ከታየ ወዲህ በአፍሪካ እጅግ ተስፋፍቷል። የማንጎ ፍሬ ነቀዝ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ዘሩ ውስጥ ገብቶ ያድጋል፤ ልጣጩ ላይ የነበረው መግቢያ ማንጎው ሲያድግ ይደፈናል።

ለዘመናት ከነዚህ መለየት የሚቻለውን ሲለይ የኖረው የሰው እጅ ነው። ጉልት ላይ ማንጎ በመደብ የምትሸጥ ሴት ስታስተካክል ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ፍሬውን አንሥታ መጀመሪያ የምታየው አንገቱን ነው፤ ከዛፉ ጋር የተያያዘበትን። ትከሻው ሞልቶ ከአንገቱ በላይ ከወጣ ደርሷል፤ ካልሞላ ያለጊዜው የወረደ ነው። በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች፤ ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ ካልተመለሰ ከታች ያለው ሥጋ ተመትቷል። ቀጥላ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች፤ የኮመጠጠ ሽታ ካለው ውስጡ መፍላት ጀምሯል። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪርገበገብ ያልቃል። ዓይን፣ ጣትና አፍንጫ በአንድ ጊዜ ይፈርዳሉ። ካሜራ ከእነዚህ የተሰጠው አንዱን ብቻ ነው፤ ስለ ማሽን ስናወራ ይህን አንርሳ።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ለኮምፒዩተር ፎቶ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ቁጥር ትይዛለች፦ ምን ያህል ቀይ፣ ምን ያህል አረንጓዴ፣ ምን ያህል ሰማያዊ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። እንበልና ከማንጎው ጎን ላይ በአንድ መስመር የተሰለፉ ስድስት ነጥቦች የአረንጓዴ መጠናቸው 182፣ 180፣ 179፣ 96፣ 60፣ 58 ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ልጣጩ አንድ ዓይነት ነው። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሲኬድ ቁጥሩ በአንዴ 83 ወረደ። እዚያ የአንድ ነገር ጠርዝ አለ ማለት ነው። ሠንጠረዡን በሙሉ ነጥብን ከጎረቤቷ ላይ እየቀነሱ ቢያስሱት የጠቆሩት ቦታዎች ሁሉ ዙሪያቸው ተስሎ ይወጣል።

የቀደሙት መለያ ማሽኖች በዚህ ዓይነት ሕግ ይሠሩ ነበር። መሐንዲሱ ቁጭ ብሎ «ከዚህ ቁጥር በታች የወረደ ነጥብ ከበዛ ፍሬው ይጣል» ብሎ ይጽፋል። ብርሃኑ በማይለዋወጥበት ፋብሪካ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ብርቱካን ወይም ቲማቲም ለመለየት ይህ ሠርቷል። የማንጎ ልጣጭ ግን ብዙ ያታልላል። አንገቱ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ጎድጓዳ ነው፤ ማሽኑ ቁስል ይለዋል። ልጣጩ የሚተነፍስባቸው ደቃቅ ነጠብጣቦች የበሽታ ይመስሉታል። ሲለቀም ከአንገቱ የፈሰሰው ወተት ደርቆ የሚተወው ጠባሳም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ሕግ ልጻፍ ያለ ሰው ሕጉ ማለቂያ ያጣበታል።

ማሽን ለርኒንግ መንገዱን ገለበጠው። ሕጉን ሰው አይጽፍም፤ ሰው የሚሰጠው ምሳሌ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ የማንጎ ፎቶዎች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ላይ ሰው «ጤነኛ»፣ «አንትራክኖዝ»፣ «ስኬል»፣ «የተመታ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ፎቶውን የሚያስሱ ትንንሽ የቁጥር ወንፊቶች አሉ፤ መጀመሪያ ላይ ቁጥራቸው የዘፈቀደ ነው። ማሽኑ አንድ ፎቶ ያይና ይገምታል፤ ግምቱ ከተሰጠው ስም ጋር ይተያያል፤ የስሕተቱ መጠን ይሰላና እያንዳንዱ ወንፊት ስሕተቱን ወደሚቀንስ አቅጣጫ በጥቂቱ ይስተካከላል። ይህ ሚሊዮን ጊዜ ይደገማል። ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ ወንፊቶች ቅድም በእጃችን የሠራነውን ጠርዝ ፍለጋ ራሳቸው ተምረውት ይገኛሉ፤ ከእነሱ ቀጥለው ያሉት ክብ ነገርን፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ደግሞ «ገባ ያለ ጥቁር ክብ፣ በቢጫ ልጣጭ ላይ» የመሰለውን ይለያሉ። አሠራሩ አሮጌ ነው፤ ዓለም ያመነበት ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢሜጅኔት በተባለው የምስል መለየት ውድድር ሌሎቹን በሰፊ ልዩነት ከበለጡበት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀለለ፤ በሌላ ምስል የሠለጠነ ማሽን ወስዶ በጥቂት ሺህ የማንጎ ፎቶ እንደገና ማሠልጠን ይቻላል።

በአገራችንም ሥራው ተጀምሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቡና በሽታዎችን ከቅጠሉ ፎቶ በኮምፒዩተር ስለመለየት ጥናት አሳትመዋል። በ2020 ደግሞ የእንሰት አጠውልግ በሽታን በዚሁ መንገድ የመለየት ሙከራ ወጥቷል። ቡናና እንሰት መቅደማቸው አይገርምም፤ የሚሊዮኖች ኑሮ ናቸው። 

ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ፕላንት ቪሌጅ የሚባል ታዋቂ የምስል ስብስብ አለ፤ ከ54 ሺህ በላይ የቅጠል ፎቶዎች፣ 14 ሰብሎች፣ 26 በሽታዎች ይዟል። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት በዚህ ስብስብ የሠለጠነው ማሽን ለፈተና ተለይተው በተቀመጡት ፎቶዎች ላይ ከ99 በመቶ በላይ አገኘ። ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር በሐቅ ዘግቧል፦ ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ሁኔታ የተነሡ ፎቶዎች ሲቀርቡለት ውጤቱ ወደ 31 በመቶ ግድም ወረደ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ተመራማሪ ምክንያቱን የሚጠቁም ሙከራ አደረገ። ቅጠሉን ጨርሶ ትቶ ከፎቶዎቹ ዳራ ላይ 8 ነጥቦችን ብቻ ለማሽኑ ሰጠ። ማሽኑ ከእነዚያ ብቻ 49 በመቶውን በትክክል መለሰ። አንድ ዓይነት በሽታ ያለባቸው ቅጠሎች በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ በአንድ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ስለተነሡ፣ ጠረጴዛውን ያወቀ በሽታውን ያወቀ ይመስላል። የመልመጃውን መልስ ሸምድዶ ጥያቄው ሲቀየርበት የሚጠፋው ተማሪ እንዲህ ነው።

ይህ ለአቦቦ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። በባንግላዴሽ 4 ሺህ የማንጎ ቅጠል ምስሎች ያሉት ስብስብ ለሕዝብ ተለቋል፤ በሴኔጋልም የማንጎ ፍሬ ምስሎች ተሰብስበዋል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ሥራዎች ናቸው፤ መነሻም ይሆናሉ። የአቦቦን ማንጎ ግን አያውቁም። ሲበስልም አረንጓዴ የሚሆነውን፣ በቀይ አፈር አቧራ የተለበጠውን፣ ዝናብ ያረጠበውን፣ በዛፍ ጥላ ሥር በግማሽ ፀሐይ የተነሣውን ፍሬ አላዩም። ከውጭ የመጣ መተግበሪያ በስልክ ተጭኖ «ጤነኛ ነው» ቢል ማመን ያለብን በአቦቦ ማንጎ ላይ ተፈትኖ ከሆነ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ የጸና ነው፦ የራሱን ምስል ያልሰበሰበ አካባቢ የራሱ መሣሪያ አይኖረውም።

የመልክ ነገር ይህን ያህል ነው። ከልጣጩ በታች ያለውስ? የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ስፋት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ኢንፍራሬድ ለእኛ ጨለማ ቢሆንም ልጣጩን ዘልቆ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይገባል። የቅጠልና የልጣጭ አረንጓዴ ቀለም ወደ 680 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጣል፤ ውኃ ደግሞ 970 አካባቢ ያለውን። ፍሬ ሲመታ ከሥር ያሉት ሕዋሳት ይፈነዱና ውኃቸው ይፈስሳል፤ ከላይ ጥቁረቱ ሳይታይ በኢንፍራሬድ ምስል ላይ ቦታው ጠቁሮ ይወጣል። በአውስትራሊያ ገበሬዎች በዚሁ ብርሃን የሚሠራ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ዛፉ ላይ እንዳለ ማንጎው ላይ አስጠግተው ደረቅ ይዘቱን፣ ማለትም ከውኃው ውጭ ያለውን፣ ይለካሉ። ጥሬው ማንጎ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ሲበስል ስኳር ስለሚሆን፣ ዛሬ የተለካው ደረቅ ይዘት የፊታችን ሳምንት ጣዕም ምን እንደሚሆን ይናገራል። ያለጊዜው የወረደ ማንጎ በደጋ ገበያ ላይ ተጨማድዶ ሳይበስል መቅረቱን ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዘሩ ውስጥ ለተደበቀው ነቀዝ ግን ኢንፍራሬዱም አይደርስም። እዚያ የሚደርሰው ራጅ ነው። የሕንድ ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ማንጎን ራጅ አንሥተው በነቀዝ የተበላውን ዘር ሳይቆርጡ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። መሣሪያው ውድ ነው፤ መብራትና የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል። ዛሬ በአቦቦ ልትከል ለሚል አልመክርም። የሚያዋጣው ለፋብሪካ ነው፤ ፍሬዎች በተሽከርካሪ ዘንጎች ላይ እየተንከባለሉ፣ በአንድ መስመር ብቻ በሴኮንድ ወደ 10 ያህል በካሜራ ሥር ለሚያልፉበት።

በአቦቦ ሊሠራ የሚችለው ስልክ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ጎግል ሞባይልኔት የሚባለውን ትንሽ የወንፊቶች መረብ (ኒውራል ኔትወርክ) አሠራር ካወጣ ወዲህ፣ የሠለጠነ ማሽን በተራ ስልክ ውስጥ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ ሲመጣና ሲሄድ ለሚውልበት አካባቢ ይህ ወሳኝ ነው።

ስልኩ ሲፈርድ ግን የሚነገረንን መቶኛ እንዴት እንስማ? እንበልና 1000 ማንጎ አለን፤ 30ው ትል አለባቸው። ምንም ሳያይ «ሁሉም ጤነኛ ነው» የሚል ማሽን 97 በመቶ ልክ ነው፤ አንድም ትል ግን አልያዘም። ሌላ ማሽን ከ30ው 27ቱን ያዘ፤ ከ970ው ጤነኞች ደግሞ 48ቱን በስሕተት ጣለ። በድምሩ 75 ፍሬ ጣለ፤ ከእነዚህ በእርግጥ የተበላሹት 27ቱ ናቸው። አጠቃላይ ልክነቱ ከፊተኛው ያንሳል፤ ለነጋዴው የሚጠቅመው ግን ይህ ሁለተኛው ነው። ታዲያ የ48ቱን ጤነኞች ዋጋ ማን ይክፈል? ይህን ኮምፒዩተር አይመልሰውም። ማንጎው በአቅራቢያ ወደ ጭማቂ ቤት የሚሄድ ከሆነ፣ በስሕተት የተጣለው እዚያው ይጠጣል፤ ኪሳራ የለም። የሚጣልበት ገበያ ከሌለ ግን የማሽኑ ጥንቃቄ ከገበሬው ኪስ የሚወጣ ነው።

«ጉድለት» የምንለውን ነገር የሚወስነውም ማንጎው የሚሄድበት ቦታ ነው። የስኬሉ ሮዝ ነጠብጣብ ለውጭ ገበያ ሣጥን ጉድለት ነው፤ ለጉልት ገዢ ዋጋ ማውረጃ ሰበብ ነው፤ ለሚደርቅ ማንጎ ምንም አይደለም፤ ልጣጩ ይጣላልና። አንድ ማሽን በውጭ ሱፐርማርኬት መለኪያ ሠልጥኖ አቦቦ ቢመጣ የሚበላውን ምግብ «የተበላሸ» እያለ ያስጥላል። ስለዚህ ስም አውጪው ማን ነው የሚለው ከካሜራው ጥራት ይበልጥ ያሳስበኛል። ለፎቶዎቹ ስም የሚያወጡት ጉልት ላይ ያየናቸው ሴቶች፣ ለቃሚዎችና ጫኞች መሆን አለባቸው፤ ለሥራቸውም ሊከፈላቸው ይገባል። ቅድም ያልነውን የአውራ ጣትና የአፍንጫ ፍርድ ለካሜራው ማውረስ የሚቻለው በእነሱ በኩል ነው፦ ፎቶው ይነሣል፣ ሴትየዋ ትዳስሳለች፣ ታሸታለች፣ ያለችው ከፎቶው ጋር ይጻፋል። እንዲህ ሲደረግ ማሽኑ የሚማረው ጣቷ ያወቀውን ነገር በዓይን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ካለ ማለት ነው።

በሽታው ሲተኛስ? ለአንትራክኖዝ በለቀማው ዕለት ስም ማውጣት ዋጋ የለውም፤ ያኔ ማንም አያየውም። ማንጎው ቁጥር ተሰጥቶት፣ በለቀማው ዕለት ከየአቅጣጫው ፎቶ ተነሥቶ፣ በጥላ ቤት መደርደሪያ ላይ እንዲበስል ይተዋል። በየቀኑ ፎቶ ይነሣል። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ቁስል ካወጣ፣ ስሙ ተመልሶ ለመጀመሪያው ቀን ፎቶ ይሰጣል። ማሽኑ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው «ይህ ታሟል?» ተብሎ አይደለም፤ «ይህ ሳምንት ይቆያል?» ተብሎ ነው፤ ነጋዴውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለትልና ለነቀዝ ደግሞ በአቦቦ ከመቁረጥ ሌላ ዘዴ የለም። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ማንጎው እስከ ዘሩ ይሰነጠቃል፣ ዘሩም ይከፈታል፤ የተገኘው ይመዘገባል። ሥራው ብዙ ቢላ፣ ብዙ እጅና አንድ ሙሉ የማንጎ ወቅት ይጠይቃል። ከአንድ ዛፍ ብቻ መልቀምም አይበቃም፤ ዛፍ ከዛፍ ስለሚለያይ ከብዙ ጓሮ፣ ከአልዌሮ ዳርም ከመንገድ ዳርም፣ ከጠዋቱም ከቀትሩም ብርሃን መሰብሰብ አለበት። ከጥቂት ዛፎች የተነሡት ፎቶዎች ደግሞ ከሥልጠናው ጨርሶ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ማሽኑ በመጨረሻ የሚፈተነው አይቶት በማያውቀው ዛፍ ማንጎ ነው።